አጥቢያዬ ራቀኝ፣ ማኅበሬም ከበደኝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! ለ2018 የአዲስ ዓመት እትም ከመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አጥቢያ፣ ስለ ጾምና ስለ ቁርባን ናቸው። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማንችል ደጋግመው የመጡትን መርጠናል። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ምእመን ነኝ፣ ስለዚ የቀኖና ጉዳይ ሲሆን ወደ ንስሐ አባታችሁ ነው የምልካችሁ።

«ልጆቼ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት አራዳ ጊዮርጊስ ሥር ነው፣ ክርስትና የተነሳሁትም ልጆቼን የዳርኩትም እዛው ነው። ሰፈራችን ፈርሶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባን ዓመት አለፈ። መጀመሪያ ላይ እሑድ እሑድ በታክሲ እየተሳፈርኩ ጊዮርጊስ እመጣ ነበር፣ አሁን ጉልበቴም ገንዘቤም እምቢ አለ። አዲሱ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን አለ ግን ማንንም አላውቅም፣ ቆሜ አስቀድስና ዝም ብዬ እመለሳለሁ። ልጆቼ እዚሁ ተመዝገቢ ይሉኛል፣ እኔ ግን ጊዮርጊስን የከዳሁት ይመስለኛል።» እናታችሁ፣ ከአራዳ

እማማ፣ መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ፣ ጊዮርጊስን አልከዱም። ከፒያሳም ከካዛንቺስም የተነሱ ብዙ ሰዎች ይሄንኑ ጽፈውልናል፣ አንዳንዶቹማ የድሮው ይርቃል አዲሱ ደግሞ ባዳ ነው እያሉ ከሁለቱም ሳይሆኑ ከመስቀል እስከ መስቀል ደጁን ሳይረግጡ ከርመዋል፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። እርስዎ ግን ቢያንስ ቆመው እያስቀደሱ ነው፣ የቀረው ትንሽ ነገር ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ምእመን የሚመዘገበውም፣ ንስሐ አባት የሚይዘውም፣ ልጁን ክርስትና የሚያስነሳውም በሚኖርበት አጥቢያ ነው። ለምን ቢሉ ካህኑ ቤትዎን ማወቅ አለበት። ታመው ቢተኙ ጸበል ይዞ የሚመጣው፣ ቤት የሚረጨው፣ የታመመ የሚያቆርበው ቅርብ ያለው ካህን ነው፣ ከአራዳ ድረስ በሌሊት ማን ይደርሳል? ስለዚ ልጆችዎ ያሉት ልክ ነው፣ ይመዝገቡ። ግን ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ፣ የድሮውን ንስሐ አባትዎን ያግኟቸው፣ መምጣት ካቃተዎት ልጆችዎ በስልክ ያገናኙዎት፣ ሁኔታውን ነግረው በምርቃት ይሰናበቱ። ንስሐ አባት ሳያሰናብት ዝም ብሎ መቀየር ደግ አይደለም፣ ደግሞ እሳቸውም «እዛ ያሉትን አባ እከሌን ያዢ» ሊሉዎት ይችላሉ፣ ካህናት ይተዋወቃሉ። ከዛ የአዲሱ ደብር ሰበካ ጉባኤ ቢሮ ሄደው አባል መሆን ነው፣ ከአራዳ መሸኛ ደብዳቤ ካስጻፉ ደግሞ የበለጠ ይቀላል።

ባዳነቱን በተመለከተ እንዲህ ላስቸግርዎት። የሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ አልቆ «እትዉ በሰላም» ሲባል ወደ ቤት አይሂዱ፣ ሰንበቴ ቤቱን ይጠይቁ። አንድ ዳቦ ይዘው ይግቡ። እዛ ቤት ውስጥ የሚቀመጡት እናቶች ግማሾቹ እንደርስዎ ከአንድ ቦታ ተነስተው የመጡ ናቸው፣ የከተማው ዳር አጥቢያዎች ሁሉ አሁን እንደዛ ናቸው፣ አንዷ ከካዛንቺስ አንዷ ከልደታ አንዷ ከገጠር ናት፣ ሁሉም ሌላው ሰው ነባር እየመሰለው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። እርስዎ ቀድመው «እኔ የአራዳ ነኝ» ካሉ ወሬው ይከፈታል። ሰው የሚለመደው ቅዳሴ ላይ ሳይሆን ሰንበቴ ላይና ለቅሶ ላይ ነው፣ ይሄን እርስዎ ከኔ የበለጠ ያውቁታል። እድሩን ግን አያፍርሱት! የድሮ ጎረቤት እድር ሰው ተበትኖም ይሰራል፣ አዲስ ሰፈር ሌላ ከገቡም ሁለቱም ይኑርዎት።

ጊዮርጊስ ደግሞ የትም አይሄድም። ያ ደብር ስንት አይቷል፣ ታቦቱ በ1888 ዓድዋ ዘምቶ የመጣ ነው፣ በ1929 ጣልያን ሕንፃውን አቃጥሎት ሰዉም ያለቀው አልቆ የተረፈው ተበትኖ ነበር፣ ከነፃነት በኋላ ታድሶ ሰዉም ተመለሰ። እርስዎም ጉልበትዎ የሚችለውን ቀን ይምረጡና ለሱ ይቆጥቡ። በየወሩ በ23 ካልተቻለ ጥር 18 ዝርወተ አጽሙን፣ እሱም ካልሆነ ሚያዝያ 23 የዓመቱን ክብረ በዓል አይለፉት። ዘንድሮ ሚያዝያ 23 ዓርብ ይውላል፣ ግን በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆነ ጾም የለም፣ ስለዚ የተበተኑትን ጎረቤቶችዎን ከንግሡ በኋላ አንድ ቦታ ሰብስቦ ዝክር ለማብላት ከዚህ የተሻለ ዓመት አይገኝም። አሁን በመስከረም ለልጆችዎ ይንገሯቸው፣ በልደት ቀን ኬክ የሚገዙ ልጆች ለእናታቸው ጊዮርጊስ አንድ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ አያቅታቸውም። ጥምቀትም አለ፣ በከተራ ጃንሜዳ ከአካባቢው አድባራት የሚወርዱትን ታቦታት ለማየት የድሮ የአራዳ ሰው ከየትም ከየትም ይመጣል፣ እዛ ቆመው ሳይቀጣጠሩ የሚያገኟቸው ሰዎች ብዛት ይገርምዎታል።

«ዘንድሮ ገና ረቡዕ ነው አሉ። ዶሮው ለሐሙስ ይደር ወይስ ይበላል? ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነስቷል።» ከአራት ኪሎ

ይበላል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋሉ የዕለቱ ጾም ይሻራል። ዘንድሮ ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ስለሆነ ማክሰኞ ሌሊት ቅዳሴው ሲያልቅ ይፈሰካል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዛ በኋላ ነው፣ በዓሉ ገና አላለቀም እየተባለ ዓርብም ይበላል። ዓርብ ጥር 1 ጾም ነው። በተከታታይ ረቡዕና ዓርብ የማይጾመው ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ብቻ ናቸው።

«ጥምቀት ሁሌም ጥር 11 ነው፣ መስቀልም መስከረም 17። ፋሲካ ግን አንዴ መጋቢት አንዴ ሚያዝያ ይላል። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ይነግረኛል ግን በምን አውቆ እንደሆነ አይናገርም። የሐዋርያት ጾምስ ለምንድነው አንዳንዴ ሃያ ምናምን ቀን ሌላ ጊዜ አርባ የሚሆነው?» ከሜክሲኮ፣ የአካውንቲንግ ተማሪ

ወንድሜ አካውንቲንግ ከተማርክማ አንተው ማውጣት ትችላለህ፣ ወረቀትና እስክርቢቶ ያዝ። ይሄ ባሕረ ሐሳብ የሚባለው ነው፣ ትውፊታችን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የተገለጠ ነው ይላል፣ ለቅዱስ ዮሐንስ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ካህናቱ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት አስልተው ያውጃሉ። መስከረም 1 ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ብትገኝ አፑ ሳይሆን ሰው ይነግርህ ነበር።

5500 ላይ 2018ን ደምር፣ 7518። ይሄ ዓመተ ዓለም ነው። ለ4 ስታካፍለው 2 ይተርፋል፣ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ፣ ስለዚ ዘንድሮ ማርቆስ ነው። አሁን 7518ን ለ19 አካፍል፣ 13 ይተርፋል። ከሱ አንድ ስትቀንስ 12፣ ይሄ ወንበር ነው። 12ን በ19 አባዛና በ30 ግደፈው (ለ30 አካፍለህ የተረፈውን ያዝ ማለት ነው)፣ 18 ይቀራል፣ ይሄ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ መስከረም ላይ ይውላል፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ። ዘንድሮ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ማለት ነው፣ ቀኑን ስታየው እሑድ ነው። እያንዳንዱ ዕለት የራሱ ተውሳክ፣ ማለትም የሚደመር ቁጥር፣ አለው፣ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ እስከ ዓርብ 2 ይወርዳል። 18 ላይ የእሑድን 7 ስትደምር 25፣ ይሄ መባጃ ሐመር ይባላል። መጥቅዕ መስከረም ላይ ከዋለ ነነዌ ጥር ላይ ነው (ድምሩ ከ30 ሲበልጥ 30ውን ትተህ ወደ የካቲት ታሻግረዋለህ)፣ ስለዚ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። ከሱ ሁለት ሳምንት ቆጥረህ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ከሱ 55 ቀን ቆጥረህ ፋሲካ ሚያዝያ 4። አለቀ። ሂሳቡ እንዴት ብትሄድ ፋሲካን ከመጋቢት 26 በታች አያወርደውም፣ ከሚያዝያ 30 በላይም አያወጣውም።

የሐዋርያት ጾም መግቢያው ይዞራል መውጫው ግን የቆመ ነው፣ ምስጢሩ እሱ ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ይጀምራል፣ የጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ሐምሌ 5 ይፈሰካል። ፋሲካ ቶሎ ከመጣ ጾሙ ይረዝማል፣ ከዘገየ ያጥራል። ዘንድሮ ግንቦት 24 ስለሚገባ 41 ቀን ነው፣ በ2019 ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ጾሙ ሰኔ 14 ገብቶ 21 ቀን ብቻ ይሆናል። የ2019ን አንተ አስላውና ልክ መሆኑን አረጋግጥ፣ መጥቅዑ 7 ከመጣልህ ገብቶሃል ማለት ነው።

«ዕድሜዬ 27 ነው። እሑድ ማስቀደስ አልቀርም፣ ሑዳዴንም እጾማለሁ። ግን የቆረብኩት ሕፃን ሆኜ ነው። አሁን ሰው ሲቆርብ ሳይ ዓይኔ እንባ ይሞላል፣ ግን እኔ እንዴት ብዬ እላለሁ። ንስሐ አባትም የለኝም። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ወጥቼ በር ላይ ነው የምቆመው። የምሠራው ሺፍት ስለሆነ ደግሞ በአዘቦት ቀን ጊዜ የለኝም።» ከስድስት ኪሎ

ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ከልቤ አዘንኩ፣ አንተ ላይ ሳይሆን ሁላችንም ይሄን ነገር እንደ ጤነኛ ነገር ስለለመድነው ነው። ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀን የዛኑ ዕለት እንቆርባለን፣ ሕፃን ሆነን እናታችን አዝላን እየወሰደች ታቆርበናለች፣ ከዛ አንድ አስራ ምናምን ዓመት ሲሆነን ማንም ሳይከለክለን ዝም ብለን እንተወዋለን፣ የሚመለሰው በተክሊል የሚያገባ ነው አለዚያም ሽማግሌና ባልቴት የሆነ። መሃል ያለው ትልቁ ዕድሜ፣ ፈተናው የሚበዛበት፣ ሰው ኃይል በጣም የሚፈልግበት ዕድሜ ባዶ ነው። ይሄን የትኛውም የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ አላዘዘም።

«እንዴት ብዬ» ላልከው፣ ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲሉ መፍራትህ ጥሩ ነው፣ ሳይፈራ የሚቀርብ ሰው ይብሳል። ግን ፍርሃቱ ወደ በሩ እየገፋህ ከሆነ ሥራውን አልሠራም፣ ወደ ንስሐ ነው መውሰድ ያለበት። ስለዚ አሁን ስለ ቁርባን ለጊዜው አትጨነቅ፣ መጀመሪያ ንስሐ አባት ያዝ። የሰፈርህ አጥቢያ በሥራ ቀን አንድ ማለዳ ኪዳን ሲያልቅ ሂድ፣ ሺፍትህ የማታ በሆነበት ሳምንት ማለት ነው፣ ያኔ ግርግር የለም ካህናቱም ጊዜ አላቸው። አንዱን አባት ቀርበህ መስቀል ተሳለምና «አባቴ ንስሐ አባት የለኝም፣ ልጅዎ ያድርጉኝ» በል። በቃ ይሄው ነው። እሳቸው ካልቻሉ ወደ ሌላ አባት ይመሩሃል። ቀጠሮ ይሰጡሃል፣ ትቀመጣለህ፣ ትናገራለህ። የምትናገረው ነገር ለሳቸው አዲስ አይደለም እመነኝ፣ አዲስ አበባ መሃል ያለ ካህን ያልሰማው ነገር የለም። ደግሞ የሰሙትን ለማንም አይነግሩም፣ ሥርዓቱም አይፈቅድላቸውም።

ቀኖና ይሰጡሃል፣ ስግደት ሊሆን ይችላል፣ ዳዊት መድገም፣ ምጽዋት፣ የቀናት ጾም፣ እንደ ሁኔታህ ነው። ሌላው ሰው ከተሰጠው ጋር አታወዳድር፣ ጓደኛህንም አትጠይቅ። ቴሌግራም ላይ «ለዚህ ኃጢአት ይሄን ያህል ስግደት» እያሉ የሚጽፉትን ደግሞ አደራ አትከተል፣ አንተን የማያውቅ ሰው መድኃኒት አያዝልህም። ቀኖናህን ስትጨርስ እሳቸው ይፈቱሃል፣ ከዛ «ቁረብ» ይሉሃል፣ ቀኑን እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። የግድ ፋሲካን መጠበቅም የለብህም።

ስለ ሰዓቱ። ሑዳዴ ላይ የአዘቦት ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ ለሠራተኛ ይከብዳል እውነት ነው፣ ግን የእሑዱ ጠዋት ነው። ከመቁረብህ በፊት 18 ሰዓት ምግብም ውሃም አይገባም፣ ስለዚ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት በልቶ ጠጥቶ ይጨርሳል። የቅዳሜን ሌሊት ሺፍት ለሌላ ሰው ቀይር፣ ደክሞህ ቆመህ እንዳታንቀላፋ። ነጭ ልበስ፣ ነጠላህን መስቀለኛ አጣፋ፣ ቀድመህ ግባ፣ ከኪዳኑ ጀምሮ ቁም፣ በመሃል አትውጣ። ከቆረብክ በኋላ የዛን ቀን አርፈህ ዋል፣ አፍህንም ዓይንህንም ጠብቅ፣ እግር ኳስ ቤትም ይቅርብህ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አሁኑኑ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ማድረግ የምትችለው። ሰው ሲቆርብ በር ላይ አትውጣ። ውስጥ ቁም። ባትቆርብም እስከ ሥርዓተ ስንብቱ ድረስ መቆም ያንተ ድርሻ ነው፣ ካህኑ እጃቸውን ዘርግተው ሲባርኩ ላንተም ነው።

«ጽጌ ጾም ግዴታ ነው? አማቴ ትጾማለች፣ እኔ አላደግኩበትም።» ከቂርቆስ፣ አዲስ ሙሽራ

ግዴታ አይደለም እህቴ፣ የፈቃድ ጾም ነው፣ ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ እያሰቡ ነው የሚጾሙት። ካልቻልሽ ቅዳሜ ሌሊት አንድ ቀን ብቻ ከአማትሽ ጋር ማኅሌተ ጽጌ ሂጂ፣ እሳቸው ደስ ይላቸዋል፣ አንቺም ለምን እንደሚጾሙ ይገባሻል።

«እኛ ስምንት ጓደኛሞች በወር በ21 የማርያም ማኅበር አለን። ስንጀምር ዳቦና ጠላ ነበር። አሁን ተራ የደረሳት ሁሉ ካለፈችው በልጣ ለመታየት ዶሮውም ክትፎውም ለስላሳውም፣ ዲኮር የሚሠራ ሰው ያስጠራችም አለች። ኑሮው ደግሞ የምታውቁት ነው። ባለፈው ወር አንዷ ተራዋ ሊደርስ ሲል ግሩፕ ላይ "ለቅቄያለሁ፣ ይቅርታ" ብላ ጽፋ ወጣች። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን ግን ማንም አልተናገረም።» ከጎላ ሚካኤል አካባቢ

እህቴ ጥሩ አድርገሽ ጻፍሽ። በእመቤታችን ስም የሚጠጣ ጽዋ አንዲት ሴት ከድህነቷ የተነሳ የምትወጣበት ነገር ከሆነ እሷ ሳትሆን ማኅበሩ ነው መንገዱን የሳተው፣ ይሄን ለስላሳ አድርጌ ልለው አልችልም። ማኅበር ላይ የግድ የሚያስፈልገው ጸሎት፣ ዳቦ፣ ጠላ ወይ ጠበል፣ የሚባርክ ካህን ከተገኘ ካህን፣ ከዛ ደግሞ በደጅ ላለው ነዳይ የሚተርፍ ነገር ነው። እናቶቻችን ቆሎና ዳቦ ይዘው ዕድሜ ልካቸውን ጠጥተዋል፣ አንዷ ስትሞት ሌሎቹ ልጆቿን አሳድገዋል። እናንተ ስምንት ሆናችሁ ይሄን ማድረግ የምትችሉ ሰዎች ናችሁ፣ ክትፎው ነው የያዛችሁ።

ነገሩን ለማስተካከል ጊዜው ራሱ ይረዳችኋል። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ነው፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ስለዚ በዛ ቀን ዶሮም ክትፎም የለም፣ ማንም «ምነው ቀነሰች» የማይልበት ቀን ነው። ያን ዕለት ሽሮና ዳቦ ቀርቦ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሙሴያችሁ (የማኅበሩ መሪ) ታንሳው፣ ከዛሬ ጀምሮ ጾምም ሆነ ፍስክ ከአንድ ወጥ በላይ አይሠራም ብላችሁ ወስኑና ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ግሩፕ ላይ ብቻ አትተዉት፣ ግሩፕ ላይ የተጻፈ ነገር ወደላይ ሄዶ ይጠፋል። እስከ ዛሬ ለድግስ ይወጣ ከነበረው ትንሿን እያዋጣችሁ ሣጥን ያዙ፣ አንዳችሁ ስትታመሙ ወይ ሥራ ስትፈቱ የሚከፈት።

የወጣችውን ግን ኅዳርን አትጠብቁላት፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሁለት ሆናችሁ ቤቷ ሂዱ። ስለ ገንዘብ አትጠይቋት፣ እንድትናገርም አታስገድዷት። «ተራሽን ለማንም አልሰጠንም፣ ጽዋው አንቺ ቤት ነው የሚመጣው፣ ዳቦውን እኛ ጋግረን እንመጣለን፣ አንቺ ቡና ብቻ አፍዪ» በሏት፣ ቀኑንም እዛው ቁጭ ብላችሁ ቁረጡ።